ስሙ የጠፋባችሁን የድሮ ሳውዘርን ሶል ዘፈን ከነዘፋኞቹ እንዴት ታገኙታላችሁ?

ብዙ ሰው የድሮ ዘፈን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው የዘፈነው?» ብሎ ነው። መልስ ካጣ ፍለጋው እዚያው ላይ ያበቃል። በሳውዘርን ሶል ግን ዘፋኙ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ሰው ነው። አንዱን ዘፈን አምስት ስድስት ሰው ተቀባብሎ ዘፍኖታል። ጥንድ ሆነው ከሚዘፍኑት አንዱ ሲለቅ ሌላ ሰው በዚያው ስም ተተክቷል። ሸክላው ላይ ያለው የሜምፊስ ኩባንያ ስም ሆኖ ዘፈኑ የተቀረጸው ሚሲሲፒ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ደራሲውን፣ ስቱዲዮውንና አሳታሚውን (የድርሰቱን መብት የሚይዘውን ድርጅት) ይዞ ወደ ዘፋኙ መሄድ ነው።

ሳውዘርን ሶል የምለው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በአሜሪካ ደቡብ የተሠራውን ሶል፣ ማለትም ከመዝሙርና ከብሉዝ የወጣውን የጥቁሮች ሙዚቃ ነው። ዋና ዋና ቦታዎቹ ሜምፊስ፣ አላባማ ውስጥ ያለው መስል ሾልስና የሚሲሲፒዋ ጃክሰን ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ምንም ሳትሰሙ የምታስታውሱትን ያዙ

ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱ። ዜማውን በምታስታውሱት ልክ አንጎራጉሩና ቅዱት። ቢሰባበርም ችግር የለውም። «የ60ዎቹ ምርጥ ሶል» የሚሉ ዝርዝሮችን መስማት ከጀመራችሁ በኋላ ሌሎች ዜማዎች ገብተው የእናንተን ዜማ ያደባልቁታል። ያን ጊዜ ንጹሁን ትዝታ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ ጻፉ። የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆኑ አብረው ነው የሚዘፍኑት ወይስ እየተቀባበሉ? ወንድ ነው ሴት? መጀመሪያ ላይ ሳይዘፍን የሚናገር ሰው አለ? ትራምፔትና ሳክስፎን ይሰማል ወይስ ቫዮሊን? ኦርጋን አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ። በኋላ ላይ ግን ከሃያ ቅጂ ውስጥ የእናንተን የሚለዩላችሁ እነዚህ ናቸው።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን እንደሰማችሁት በፊደላችን ጻፏቸው። ትርጉም ባይሰጡም ተዉአቸው። የደቡብ ዘፋኞች ቃል ይጎትታሉ፣ መጨረሻውን ይውጣሉ፣ መሃል ላይ ጩኸትና ማቃሰት ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት ሰው ራሱ ግማሹን ይስታል። ከጻፋችሁት ውስጥ የአዝማቹን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃላት አስምሩባቸው፤ ርዕሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ያንን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩት። «ሶል» እና «1960ዎቹ» የሚሉትን ቃላት አብራችሁ አስገቡ።

የት እንደሰማችሁትም ዋጋ አለው። ከሰው ሰው የተገለበጠ ካሴት ላይ ከነበረ ከእሱ በፊትና በኋላ የነበሩትን ዘፈኖች አስታውሱ። እንዲህ ዓይነት ካሴቶች ብዙ ጊዜ አንድን የስብስብ አልበም እንዳለ ይገለብጣሉ። የአንዱን ጎረቤት ዘፈን ስም ካወቃችሁ ዲስኮግስ በሚባለው የሸክላና የአልበም መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ያ ዘፈን ያለባቸውን ስብስቦች አውጥታችሁ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። አስመራ ላደጉ ደግሞ ሌላ ፍንጭ አለ። የአሜሪካ ጦር ቃኘው ስቴሽን ውስጥ እስከ 1977 ድረስ ቆይቷል፣ የራሱ ሬዲዮም ነበረው። ከዚያ ሬዲዮ የተሰማ ዘፈን ከሆነ ከ1977 በኋላ የወጣውን ሁሉ መተው ትችላላችሁ። የሰማችሁበት ጊዜ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዘፈኑ መቼ እንደወጣ አይነግራችሁም፤ ከመቼ ወዲህ እንዳልሆነ ግን ይነግራችኋል።

2. ዘፈኑ በእርግጥ ከደቡብ ነው?

ይህንን በጆሮ መለየት ይቻላል። ከዲትሮይት የመጣው የሞታውን ሙዚቃ ለስላሳ ነው። ቫዮሊን ይበዛበታል፣ ታምቡሪኑ ይንጫጫል፣ አጃቢ ድምፃውያኑ ሥርዓት የያዙ ናቸው። የደቡቡ ባዶ ቦታ ይበዛዋል። አንድ ኦርጋን፣ አንድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ። ዘፋኙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ እንደሆነ ድምፁ ይናገራል። ስሎው ዘፈኖቹ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ምት በሦስት ሲከፈል ትሰማላችሁ። ፒያኖው ወይም ጊታሩ ሦስት ሦስቱን እየነካካ ይሄዳል። የእኛ ጆሮ ከችክችካ ጀምሮ በሦስት የሚከፈል ምት የለመደ ስለሆነ ይመስለኛል እነዚህ ስሎዎች ቶሎ የሚገቡን።

ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለጋችሁ በከተማ ለዩት። ሜምፊስ ውስጥ ስታክስ የሚባለው ኩባንያ ስቱዲዮውን የሠራው በኢስት ማክሌሞር ጎዳና 926 ቁጥር ላይ ባለ የድሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ እንደ ሲኒማ ቤት ተዳፋት እንደሆነ ቀርቷል፤ የድምፁም ቀለም ከዚያ እንደመጣ ባለሙያዎቹ ይናገራሉ። ዊልሰን ፒኬት በ1965 «ኢን ዘ ሚድናይት አወር»ን የቀረጸው እዚያ ነው። እሱን ክፈቱና የድራሙን ሁለተኛና አራተኛ ምት ብቻ ተከታተሉ። ሁለቱም በትንሹ ዘግየት ብለው ነው የሚወድቁት። ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ዌክስለር በዚያን ጊዜ ወጣቶች ይጨፍሩት የነበረውን ውዝዋዜ ስቱዲዮው ውስጥ እየጨፈረ አሳያቸው፣ ድራመሩ አል ጃክሰንና ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐርም ምቱን በዚያ ልክ ወደኋላ ጎተቱት። ይህንን መዘግየት አንዴ ከለያችሁ ሌላ ቦታም ታውቁታላችሁ።

ሃይ የሚባለው ሌላው የሜምፊስ ኩባንያ፣ ማለትም የአል ግሪንና የአን ፒብልስ ቤት፣ ድራሙ ደረቅና ቅርብ ነው፤ ቫዮሊንም ይፈቅዳል። መስል ሾልስ ግን ከሁሉም ይለያል። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ በኖረበት አላባማ፣ ነጭ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ጥቁር ዘፋኞችን ያጅቡ ነበር። ውስጡ የካንትሪ ሙዚቃ ዘይቤ አለ። የካንትሪ ስሎው የሚመስል ግን ዘፋኙ ከመዝሙር ቤት የመጣ ዘፈን ካስታወሳችሁ ወደዚያ ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የትዝታችሁ ዜማ ሶል ሆኖ ቃሉ አማርኛ ከመሰላችሁ እብደት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ባንዶች የአሜሪካን ሶል በደንብ ይሰሙ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴን ከጄምስ ብራውን ጋር የሚያወዳድሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በአገር ውስጥ ሸክላዎችም በኩል ፈትሹ።

3. ስልኩ ይሞክር

የዘፈኑ ቅጂ በእጃችሁ ካለ መጀመሪያ ሻዛም የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ አሰሙት። ሻዛም የሚያውቀው ያንኑ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው የዘፈነውን፣ መድረክ ላይ የተዘፈነውን ወይም የእናንተን ማንጎራጎር አይለይም። ካሴቱ በእርጅና ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ የሚሄድ ከሆነም ይጠፋበታል። እንዲህ ከሆነ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና አውዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን ከሁለት እስከ አምስት ከመቶ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አሰሙት። የድሮ ካሴት ያለው ሰው ይህንን ሳይሞክር መተው የለበትም።

ቅጂ ከሌላችሁ የጉግል መተግበሪያ አለ። ከ2020 ጀምሮ ተንጎራጉሮለት ዘፈን ይፈልጋል። ማይክራፎኑን ተጭናችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አንጎራጉሩለት። ቃል ባታስገቡ ይሻላል፤ «ላ ላ» ወይም «ዳ ዳ» ይበቃል። አዝማቹን ምረጡ። የሚያመጣላችሁን መልስ ግን እንደ መጨረሻ አትቁጠሩት። የሚነግራችሁ የዜማውን ስም ነው። የሰማችሁት የማንን ቅጂ እንደሆነ አያውቅም።

4. አንድ ዘፈን፣ ብዙ ዘፋኝ

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

«ዘ ዳርክ ኤንድ ኦቭ ዘ ስትሪት» የሚባለውን ዘፈን ዳን ፔንና ቺፕስ ሞማን በ1966 ናሽቪል ውስጥ ጻፉት። የሬዲዮ ሰዎች ስብሰባ ነበር፤ ሁለቱ ከካርታ ጨዋታ መሃል ተነስተው የሚጽፉበት ክፍል ፈለጉ። ጎልድዋክስ የሚባለው የሜምፊስ ኩባንያ ባለቤት ኩዊንተን ክላውንች የሆቴል ክፍሉን ሰጣቸው፤ ዘፈኑን ለእሱ ዘፋኝ ለጄምስ ካር እንዲሰጡ ግን ቃል አስገባቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የፈጀባቸው። የጄምስ ካር ሸክላ በ1967 መጀመሪያ ወጣና ቢልቦርድ መጽሔት በሚያወጣው የአርኤንድቢ፣ ማለትም የጥቁሮች ሙዚቃ፣ የተወዳጅነት ሰንጠረዥ 10ኛ ደረሰ። በፖፑ ሰንጠረዥ ግን 77ኛ ላይ ቀረ። ስለዚህ ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ፐርሲ ስሌጅ ዘፍኖታል፤ አሪታ ፍራንክሊንም እንዲሁ። ሊንዳ ሮንስታት በካንትሪ ሮክ ዘፍናዋለች። ራይ ኩደር ያለ ቃል በጊታር ብቻ ተጫውቶታል። በ1991 የወጣው «ዘ ኮሚትመንትስ» ፊልም ውስጥም አለ። ክላረንስ ካርተር ደግሞ ረጅሙን ክፍል ተናግሮት ነው መጨረሻ ላይ ብቻ የዘፈነው።

አሁን መጀመሪያ ወደጻፋችሁት ወረቀት ተመለሱ። ሰውየው ብዙ ያወራ ነበር ብላችሁ ከሆነ ክላረንስ ካርተር ነው። ሴት ከሆነችና ጊታሩ ካንትሪ ከሆነ ሮንስታት ናት። ፊልም ላይ ከሆነ መልሱ ታውቋል። የወንድ ድምፅ ሆኖ ከብዶና ጨልሞ ከመጣላችሁ ጄምስ ካርን ስሙ። ለእኔ ከእሱ በኋላ የዘፈኑት ሁሉ የእሱን ቤት በእንግድነት የሚጎበኙ ናቸው።

የቅጂዎቹን ዝርዝር ለማውጣት ሁለት ቦታ ሂዱ። አንደኛው ሁዝሳምፕልድ የሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ ማን የማንን ዘፈን ደግሞ እንደዘፈነ፣ የትኛውን ድምፅ ቆርጦ እንደወሰደ ይዘረዝራል። ምናልባት እናንተ የምታስታውሱት ራፕ ዘፈን ውስጥ የገባ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ እሱም እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው የሙዚቃ ደራሲያንን ክፍያ የሚሰበስቡት ድርጅቶች፣ ቢኤምአይና አስካፕ፣ ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት መዝገብ ነው። ርዕስ ስታስገቡ የደራሲውንና የአሳታሚውን ስም ይሰጣል። የደራሲውን ስም ስትጫኑ ደግሞ በስሙ የተመዘገቡ ሥራዎች በሙሉ ይወጣሉ። የደቡብ ሶል ደራሲያን አብዛኞቹ ያሉት ቢኤምአይ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ።

ይህ መዝገብ ርዕሱን ለማያውቅ ሰውም ይጠቅማል። ለምሳሌ የመስል ሾልስ ስሎው ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የዳን ፔንን፣ የስፑነር ኦልድሃምን፣ የኤዲ ሂንተንን ዝርዝር አንድ በአንድ አንብቡ። ርዕሱን ስታዩት ትዝ ይላችኋል። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት መንገድ ይህ ነው። ደራሲያኑ ጥቂት ናቸው፤ ዘፋኞቹ ግን እልፍ ናቸው።

5. የሸክላውን ወረቀት ማንበብ

ባለ 45 ዙር ሸክላ መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ትንሽ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ተጽፎበታል። ሸክላው ባይኖራችሁም ፎቶው ዲስኮግስ ወይም ፎርቲፋይቭካት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። አስፍታችሁ እዩት።

ሰው ሁሉ የሚያየው ትልቁን የኩባንያ ስም ነው። እሱ ያሳስታል። «አይም ዩር ፐፔት»ን እንውሰድ። በ1966 የወጣው በጄምስ ኤንድ ቦቢ ፒዩሪፋይ ስም ሲሆን ኩባንያው ቤል ይባላል። ቤል የኒው ዮርክ ኩባንያ ነው። በዚህ ብቻ ከሄዳችሁ ኒው ዮርክ ትቀራላችሁ። ውረዱና በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ደራሲያኑ ፔንና ኦልድሃም ናቸው። አሳታሚው ፌም ነው። ፌም ማለት ሪክ ሆል መስል ሾልስ ውስጥ ያቋቋመው ቤት ነው። ዘፈኑ የተቀረጸውም እዚያው ፌም ስቱዲዮ ነው።

ስለዚህ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አሳታሚው ስም ይሁን። «ኢስት» ካለ የስታክስ ሰዎች ዘፈን ነው። «ሬድዋል» ካለ ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግና ሥራ አስኪያጁ ፊል ዎልደን አሉበት፤ ስሙም የሁለቱ ስም ቁራጭ ነው። «ጄክ» ካለ ወደ ሃይ ሂዱ።

ስታክስ ራሱ እንዲህ ያሳስታል። የጂን ናይት «ሚስተር ቢግ ስታፍ» በ1971 የወጣው በስታክስ ስም ነው። የተቀረጸው ግን በ1970 ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ማላኮ ስቱዲዮ ነው። አቀናባሪው ዋርዴል ኬዘርግ ዘፋኞቹን ከኒው ኦርሊንስ ይዟቸው መጣ። የኪንግ ፍሎይድ «ግሩቭ ሚ»ም በዚያው ቀን ነው የተቀረጸው። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ቤዙና ድራሙ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ይታወቃል። አንዱን ፈልጋችሁ ሌላውን የምታገኙትም በዚህ ነው። ስቱዲዮውንና ቀኑን ካወቃችሁ ያን ቀን ሌላ ምን እንደተቀረጸ እዩ።

የደራሲ ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። ሂዩስተን ላይ ዱክና ባክቢት የሚባሉ ኩባንያዎች የነበሩት ዶን ሮቢ ከደራሲያን ዘፈን እየገዛ ዴድሪክ ማሎን በሚል የብዕር ስም ያወጣ ነበር። ያንን ስም ካያችሁ እውነተኛው ደራሲ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል አስቡ። በፐርሲ ስሌጅ «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን» ላይ በደራሲነት የተጻፉት ካልቪን ሉዊስና አንድሪው ራይት ናቸው። ሁለቱም የስሌጅ ባንድ ልጆች ነበሩ። ስሌጅ ግን ዘፈኑን እሱ እንደጀመረውና ስሙን ለእነሱ እንደተወላቸው በቃለ መጠይቅ ተናግሯል።

ሸክላው በእጃችሁ ካለ ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ወረቀቱ እስኪጀምር ያለው ለስላሳ ክብ ላይ በመርፌ የተጫረ ቁጥር አለ። እሱ የማስተሩ፣ ማለትም ሸክላው የታተመበት ዋና ቅጂ፣ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ከእሱ ጋር ቁጥር ታያላችሁ። ያ ሎስ አንጀለስ የነበረው ሞናርክ ፋብሪካ ምልክት ነው። ቁጥሩ በተራ ስለሚሄድ ሰብሳቢዎች ሸክላው የታተመበትን ወር ያውቁበታል።

6. ዓመቱን ማረጋገጥ

የድሮ ቢልቦርድና ካሽ ቦክስ መጽሔቶች ተገልብጠው ወርልድ ሬዲዮ ሂስትሪ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ። ዘፈኑ የወጣበትን ሳምንት ፈልጋችሁ የአዳዲስ ሸክላዎችን ገጽ እዩ። ሰንጠረዥ ያልገባ ዘፈን እንኳ እዚያ አንድ መስመር ሊኖረው ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቢልቦርድ ከ1963 ኅዳር መጨረሻ እስከ 1965 ጥር ድረስ የአርኤንድቢ ሰንጠረዥ አላወጣም። በዚያ ጊዜ የወጣ ሶል ሰንጠረዡ ላይ ስሙ ካልታየ አልተወደደም ማለት አይደለም። የኦ.ቪ. ራይት «ዛትስ ሃው ስትሮንግ ማይ ላቭ ኢዝ» የወጣው በ1964 ነው፤ እዚያው ክፍተት ውስጥ። የጻፈው ሩዝቬልት ጃሚሰን ሜምፊስ ውስጥ የደም ባንክ ሠራተኛ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኦቲስ ሬዲንግ ዘፈነው፣ ከዚያ ሮሊንግ ስቶንስ። የራይት ቅጂ የተረሳው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚያ ዘመን ካሽ ቦክስን ተጠቀሙ።

7. ዘፋኞቹ እነማን ነበሩ?

ዘፈኑን አገኛችሁ እንበል። ወረቀቱ ላይ ስም አለ። ያ ስም ግን ሰው ላይሆን ይችላል።

ወደ ጄምስ ኤንድ ቦቢ ፒዩሪፋይ እንመለስ። ስሙን ስትሰሙ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ጄምስ ፒዩሪፋይ እውነተኛ ስሙ ነው፤ ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ተወለደ። «ቦቢ» ግን የአጎቱ ልጅ ሮበርት ሊ ዲኪ ነበር፤ የታላሃሲ ልጅ። ዲኪ ቀደም ሲል ማይቲ ሳም ማክሌን በሚዘፍንበት ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ፓፓ ዶን ሽሮደር የሚባለው የፔንሳኮላ የሬዲዮ ሰው ሁለቱን ወደ ፌም ወሰዳቸውና ዘፈኑ በአሜሪካ ፖፕ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረሰ።

ዲኪ በ70ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ትቶ ወደ ታላሃሲ ተመለሰ። በቦታው ቤን ሙር ገባ። እሱም «ቦቢ ፒዩሪፋይ» ተባለ። በ1976 ዘፈኑን እንደገና ቀረጹትና እንግሊዝ ውስጥ 12ኛ ሆነ። እንግሊዝ የሚኖር ሰው «እኔ የማውቀው እሱን ነው» ቢላችሁ ምናልባት የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ቦቢ ነው። ቤን ሙር በኋላ የዓይኑን ብርሃን አጣ፤ በ2005 ግን በቦቢ ፒዩሪፋይ ስም አልበም አወጣ። ፕሮዲውሰሩ ዳን ፔን ነበር፣ ያው ዘፈኑን የጻፈው ሰው። ሙር ከዚያ ብላይንድ ቦይስ ኦቭ አላባማ ከሚባለው የመዝሙር ቡድን ጋር መዝሙር እየዘመረ ቆይቶ በ2022 አረፈ። ዲኪ በ2011 አርፏል። ሁለቱን በአንድ ስም ቀላቅሎ መጻፍ ሁለቱንም መበደል ነው።

ይህ ብቻውን አይደለም። በ1980ዎቹ ዴቭ ፕሬተር ሳም ዳንኤልስ ከሚባል ሌላ ዘፋኝ ጋር በ«ሳም ኤንድ ዴቭ» ስም ይዞር ነበር። ዋናው ሳም፣ ሳም ሙር፣ አብሮት አልነበረም። ስለዚህ ጥንድ ዘፋኞች ሲያጋጥሟችሁ ዓመቱን ሳታዩ ስም አትጻፉ።

ዘፋኙን ስትከታተሉ እነዚህን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ስሙ ላይ ሬቨረንድ ወይም ቢሾፕ ጨምራችሁ ፈልጉ። አል ግሪን ራሱ ሜምፊስ ውስጥ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ይመራል። ስሙ እንደ ጄምስ ካር የተለመደ ከሆነ ዲስኮግስ ተመሳሳይ ስሞችን ከጎናቸው በቅንፍ ቁጥር እያደረገ ይለያቸዋል፤ ቁጥሩን ተመልከቱ። የትውልድ ከተማውን የአካባቢ ጋዜጣ ፈልጉ። ትልልቆቹ ጋዜጦች የማይጽፉት የሙት መታሰቢያ እዚያ ይገኛል፤ ትክክለኛው ስም፣ የቤተሰቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የቀን ሥራው ጭምር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን እንደገና የታተሙ ሲዲዎች ውስጥ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ለንደን ያለው ኤስ ኩባንያ ኬንት በሚለው ስሙ ጎልድዋክስንና ሌሎች የደቡብ ሶል ቤቶችን በጥንቃቄ አሳትሟል። እዚያ የሚጽፉት ሰዎች ዘፋኞቹን በአካል አግኝተው ያነጋገሩ ናቸው።

8. ትክክለኛውን ቅጂ መስማት

ስሙን አግኝታችሁ ዩቲዩብ ላይ ስትከፍቱት «ይሄ አይደለም» ካላችሁ ጆሯችሁን እመኑት። የ60ዎቹ ዘፋኞች ብዙዎቹ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ለርካሽ ስብስቦች ዘፈኖቻቸውን እንደገና ቀርጸዋል። ዘፋኙ ያው ነው፤ ባንዱ ሌላ ነው። ድራሙ የማሽን ከመሰለ ወይም ርዝመቱ ከሸክላው ወረቀት ላይ ካለው ደቂቃ ከተለየ ጠርጥሩ። በስትሪሚንግ ላይ ደግሞ የአልበሙን ሽፋንና የሸክላ ኩባንያውን ስም እዩ። የፐርሲ ስሌጅ ከሆነ አትላንቲክ የሚል ስም ፈልጉ።

ሸክላውን ለመግዛት ካሰባችሁ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ማጫወቻችሁ አስማሚ ያስፈልገዋል። ብርቅ የሆኑት በሐሰት ይታተማሉ፤ የማስተሩን ቁጥር ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ።

ስለ ገንዘቡም እናውራ። በአሜሪካ ተራ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል፤ ለዘፋኙ አይከፍልም። በኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ዘፋኙም ይከፈለዋል። በ2018 የወጣው የሙዚቃ ሕግ ከ1972 በፊት የተቀረጹትንም አካቷል። የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት ነው፤ ዘፋኙ ካረፈ ወራሾቹ መመዝገብ ይችላሉ። ፍለጋችሁ ከዘፋኙ ቤተሰብ ጋር ካገናኛችሁ ይህንን ያውቁ እንደሆነ በአክብሮት ጠይቁ። ስልክና አድራሻቸውን ግን ለማንም አታስተላልፉ።

ሜምፊስ የመሄድ ዕድል ያለው ሰው የስታክስን ሙዚየም ይጎብኝ፤ የድሮው ሕንፃ ፈርሶ በቦታው በ2003 ተከፍቷል። አላባማ ሼፊልድ ውስጥ ጃክሰን ሃይዌይ 3614 ላይ ያለው መስል ሾልስ ሳውንድ ስቱዲዮም ለጎብኚ ክፍት ነው። አስጎብኚዎቹ ብዙ ያውቃሉ። የቀዳችሁትን ማንጎራጎር ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ፍለጋውን ስትጨርሱ ያገኛችሁትን ዲስኮግስ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የዘፋኝ ስም ጎድሎ፣ ሁለት ሰው በአንድ ስም ተቀላቅሎ ወይም የስቱዲዮው ስም ሳይጻፍ ካገኛችሁ አካውንት ከፍታችሁ አርሙት። ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ የሸክላውን ወረቀት በቀን ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ።